መንገድ ላይ የሚነበብ መጽሐፍ ማታ ቤት ይዘጋጃል

ከደሴ ኮምቦልቻ 25 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። ሐረጎ የሚባለውን ጠመዝማዛ ቁልቁለት ወርዶ ከ600 ሜትር በላይ ዝቅ ይባላል። በዚህ መንገድ በየቀኑ የሚመላለሰው ሰው ብዙ ነው። ደሴ አድሮ ኮምቦልቻ ፋብሪካ ወይም ኢንዱስትሪ ፓርክ የሚገባ አለ። ኮምቦልቻ አድሮ ደሴ ለትምህርት ወይም ለሥራ የሚወጣም አለ። የመናኸሪያው ወረፋ፣ ሚኒባሱ እስኪሞላ መጠበቁ፣ ከዚያ ደግሞ መንገዱ። በሳምንት ሲደመር ቀላል ጊዜ አይደለም።

ስልክ ሁሉም እጅ ላይ አለ። መጽሐፉም ብዙ ጊዜ ስልኩ ውስጥ አለ። ከቴሌግራም የወረደ፣ አንዴ ተከፍቶ የተተወ ፒዲኤፍ። የሚነበበው ግን ጥቂቱ ነው። ሰዉ ሰንፎ አይመስለኝም። ፊደሉ ያንሳል፣ ገጹ ወዲያና ወዲህ ይንሸራተታል፣ ፋይሉ ሲፈለግ አይገኝም፣ ኔትወርክ ይጠፋል፣ ባትሪ ያልቃል። እነዚህን ሁሉ ማታ ቤት ቁጭ ብሎ ማስተካከል ይቻላል። አንዴ ከተስተካከሉ በኋላ ሚኒባስ ውስጥ የሚቀረው ማንበብ ብቻ ነው።

«ስልኬ አይችልም» የሚል ሰው አይጠፋም። እ.ኤ.አ. በ1996 ፓይለት የተባለው የፓልም የእጅ ኮምፒውተር ሲወጣ አነስተኛው ሞዴል የነበረው ማኅደረ ትውስታ 128 ኪሎባይት ብቻ ነበር። ብዙም ሳይቆይ ሰዎች በፓልም ስክሪን ላይ ልብ ወለድ ማንበብ ጀመሩ። ዛሬ ርካሹ ቴክኖ እንኳ ከዚያ በሺዎች እጥፍ ይበልጣል። ስለዚህ ያለው ስልክ ይበቃል። የምነግራችሁም አንድሮይድ ስልክ አላችሁ ብዬ ነው።

1. መጽሐፉን ከቴሌግራም አውጡት

ብዙ ሰው የሚሰናከለው እዚህ ላይ ነው። ቴሌግራም ላይ ፋይሉን ነክታችሁ ሲወርድ የሚቀመጠው በቴሌግራም የራሱ ጓዳ ውስጥ ነው። ከአንድሮይድ 11 ወዲህ ሌላ መተግበሪያ ወደዚያ ጓዳ መግባት አይፈቀድለትም። ስለዚህ የማንበቢያ መተግበሪያችሁ መጽሐፉን ጨርሶ አያየውም። ይባስ ብሎ ስልኩ ሞልቶ «ክሊር ካሽ» ስትሉ መጽሐፉም አብሮ ይጠረጋል። ቻናሉ ከተዘጋ ወይም ፋይሉን ካጠፋው ደግሞ መልሳችሁ አታገኙትም።

መፍትሔው አጭር ነው። ፋይሉ ከወረደ በኋላ መልእክቱን ንኩና ከሚመጣው ዝርዝር ውስጥ «ሴቭ ቱ ዳውንሎድስ» የሚለውን ምረጡ። አሁን መጽሐፉ የእናንተ ሆነ። ቀጥሎ የስልኩን ፋይል ማኔጀር ክፈቱና «መጻሕፍት» የሚል ፎልደር ፍጠሩ። ፋይሉን ወደዚያ ውሰዱት።

ስሙንም ለውጡት። ከቻናል የመጣ ፋይል አብዛኛውን ጊዜ የቻናሉን ስምና ረጅም ቁጥር ተሸክሞ ነው የሚመጣው። የደራሲውን ስም አስቀድማችሁ፣ የመጽሐፉን ርእስ አስከትላችሁ በአማርኛ ጻፉት። መጻሕፍቱ ሲበዙ የአንድ ደራሲ ሥራዎች ጎን ለጎን ይደረደሩላችኋል። ትንሽ ነገር ይመስላል፤ ግን ሚኒባስ ውስጥ በአንድ እጅ ሲፈለግ ጥቅሙ ይታያል።

2. አንድ ማንበቢያ ምረጡና በእሱ ጽኑ

ከፕሌይ ስቶር ሪድኢራን አውርዱ። ነፃ ነው፣ ማስታወቂያ አያስገባም፣ ያለ ኢንተርኔት ይሠራል። ኢፐብ፣ ፒዲኤፍ፣ ሞቢ፣ የወርድ ሰነድ፣ ሁሉንም ይከፍታል። ስልካችሁ ውስጥ ያሉትን መጻሕፍት ራሱ ፈልጎ ይደረድራቸዋል። የት ገጽ ላይ እንዳቆማችሁም ያስታውሳል። ሊብሬራና ሙን ፕላስ ሪደርም ጥሩዎች ናቸው። ሦስቱንም አትጫኑ። አንዱን መጽሐፍ በአንዱ፣ ሌላውን በሌላው መተግበሪያ ስትከፍቱ የት እንደደረሳችሁ ይምታታባችኋል።

ሰፈራችሁ ኔትወርክ የሚሻለው በየትኛው ሰዓት እንደሆነ የምታውቁት እናንተ ናችሁ። ማውረዱን በዚያ ሰዓት ጨርሱ። የሌሊት ጥቅል መግዛትም ይረዳል። ከዚያ በኋላ ለንባቡ ኢንተርኔት አያስፈልግም።

3. መጽሐፉ ጽሑፍ ነው ወይስ ፎቶ?

ይህን ሳትለዩ ወደሚቀጥለው አትለፉ። መጽሐፉን ክፈቱና አንድ ቃል ላይ ጣታችሁን ለጥቂት ጊዜ ተጭናችሁ ቆዩ። ውጤቱ ከሦስቱ አንዱ ነው።

ቃሉ ከተመረጠ ፋይሉ ብዙውን ጊዜ እውነተኛ ጽሑፍ ነው። ኢፐብ ከሆነ እሰየው። ኢፐብ ማለት ጽሑፉ እንደ ስክሪኑ ስፋት ራሱን እያጠፈ የሚፈስበት ዓይነት ነው። ፊደሉን ስታሳድጉት መስመሩ ራሱ ይስተካከላል፤ ገጹን ወደ ጎን መጎተት የለም። ሥዕል የሌለው አንድ ልብ ወለድ በኢፐብ ብዙውን ጊዜ ከ1 ሜጋባይት ብዙም አይርቅም። ፒዲኤፍ ግን የተሠራው ለወረቀት ነው። ገጹ እንደታተመ ይቆያል፤ ለትልቅ ወረቀት የተሰናዳው ገጽ በእጅ መዳፍ ስክሪን ላይ ሲወጣ ፊደሉ እንደ ጤፍ ይደቃል።

ቃሉ አልመረጥም ካለ ደግሞ ፋይሉ የገጾች ፎቶ ነው። ስካን የተደረገ ማለት ነው። በእጃችን የሚዘዋወሩት የአማርኛ መጻሕፍት በብዛት እንደዚህ ናቸው።

ሦስተኛው ዓይነት ግራ ያጋባል። ስክሪኑ ላይ አማርኛው በደንብ ይነበባል፣ ቃሉም ይመረጣል፤ ቀድታችሁ ሌላ ቦታ ስትለጥፉት ግን የላቲን ፊደልና ምልክት ድብልቅልቅ ብሎ ይወጣል። የግዕዝ ፊደል ወደ ዩኒኮድ፣ ማለትም ኮምፒውተሮች ፊደልን ወደሚለዩበት የጋራ የቁጥር ሥርዓት፣ የገባው እ.ኤ.አ. በ1999 ነው። ከዚያ በፊት፣ ከዚያም በኋላ ለብዙ ዓመታት፣ ጽሑፎች ይተየቡ የነበረው ለላቲን ፊደላት በተሰጡት ቁጥሮች ላይ የአማርኛን ቅርጽ በሚስሉ ፎንቶች ነበር። እንዲህ ያለው ፋይል እንደ ፎቶ ይቆጠር። ይነበባል፤ ቃል መፈለግ ግን አይቻልበትም።

4. ስካን የሆነውን አስተካክሉት

ብዙ ሰው ተስፋ ቆርጦ የሚዘጋው ይህን ዓይነቱን ፋይል ስለሆነ እዚህ ላይ ሰፋ አድርጌ ልናገር።

መጀመሪያ ነጩን ዳር ቁረጡ። ስካን የሆነ ገጽ በአራቱም ጎን ባዶ ኅዳግ አለው፤ አንዳንዴ የስካነሩ ጥቁር ጥላ ይጨመርበታል። ሪድኢራ ላይ ፒዲኤፉን ከፍታችሁ ወደ ማስተካከያው ግቡና ኅዳግ መቁረጫውን አብሩት። ፊደሉ ወዲያው ያድጋል። ምንም ሌላ ሳትነኩ ይህ ብቻ የሚያመጣውን ለውጥ አይታችሁ ትገረማላችሁ።

ሁለተኛ፣ መጽሐፉ ተከፍቶ ሁለት ገጽ ባንድ ላይ ስካን ተደርጎ ከሆነ እዚያው ማስተካከያ ውስጥ «ሲንግል ኮለም» የሚል ምርጫ አለ። ግራውን ገጽ ቀድሞ፣ ቀኙን አስከትሎ ለየብቻ ያሳያችኋል። ይህን የማያውቅ ሰው ሙሉ መጽሐፍ በጣቱ እየጎተተ ያነባል። ዓይንም ጣትም ይደክማል።

ሦስተኛ፣ አሁንም ካነሰ ስልኩን አጋድሙት። የገጹ ስፋት የስክሪኑን ርዝመት ይይዛል። ገጹ በሁለትና በሦስት ጊዜ ይነበባል እንጂ ፊደሉ ጥሩ ይሆናል። የስልኩ «ኦቶ ሮቴት» መብራቱን አረጋግጡ።

ለአንድ ሰነድ ብዙ ጊዜ የምትመላለሱ ከሆነ ፎቶውን ወደ ጽሑፍ መቀየር ያዋጣል። የፈተና ዝግጅት፣ የሥልጠና ሰነድ፣ የአያት የእጅ ሳይሆን በታይፕ የተጻፈ ማስታወሻ፣ እንዲህ ያለውን ማለቴ ነው። ኮምፒውተር ላይ ጉግል ድራይቭ ውስጥ አስገቡት፤ በቀኝ ጠቅ አድርጋችሁ በጉግል ዶክስ ክፈቱት። ፊደሎቹን ከፎቶው አንብቦ ወደ ጽሑፍ ይለውጣቸዋል። አማርኛም ያነባል። ጉግል የሚመክረው የፋይል መጠን እስከ 2 ሜጋባይት ስለሆነ ምዕራፍ ምዕራፍ እያደረጋችሁ ቆራርጡት። የወጣውን ጽሑፍ ግን አንድ ጊዜ በዓይናችሁ ሂዱበት። «ጸ» እና «ጰ»ን፣ «ሰ» እና «ለ»ን የመሳሰሉ ተመሳሳይ ቅርጾች ይምታቱበታል። ቁጥርና ስም ያለበትን መስመር በተለይ ከዋናው ጋር አመሳክሩ። ካረማችሁ በኋላ ከፋይል ዝርዝሩ «ዳውንሎድ»፣ ከዚያ «ኢፐብ» በሉ። ያ ለስልክ የማይመች ሰነድ አሁን ፊደሉ እንደልብ የሚያድግ መጽሐፍ ሆነ።

ወረቀቱ በእጃችሁ ካለና ስካን የምታደርጉት ራሳችሁ ከሆናችሁ ሥራውን ከጅምሩ አሳምሩት። የወሎ ዩኒቨርሲቲ ተማሪ ኮፒ ቤት የሚወስደው ሃንድአውት ጥሩ ምሳሌ ነው። በድራይቭ መተግበሪያ ያለውን የስካን ምልክት ተጠቀሙ፤ በተራ ካሜራ አታንሱ። ወረቀቱን መስኮት አጠገብ አስቀምጡ። አምፖል ሥር ከሆነ የራሳችሁ እጅና የስልኩ ጥላ ገጹ ላይ ይወድቃል።

5. ገጹን ለዓይናችሁ አስማሙ

ለኢፐብ የፊደሉን መጠን በአንድ መስመር ከአምስት እስከ ሰባት ቃል እንዲይዝ አድርጉት። የአማርኛ ቃል ረጅም ነው። «እንደማይመለሱበትም» የመሰለ ቃል ብቻውን ግማሽ መስመር ይወስዳል። ጽሑፉ ግራና ቀኝ እኩል እንዲሰለፍ የሚያደርገውን ምርጫ አጥፉት። ካልጠፋ በቃላቱ መሐል ሰፊ ክፍተት እየተፈጠረ ንባቡን ያደናቅፋል። የመስመሮቹን ርቀትም ጨመር አድርጉ። የአማርኛ ፊደል ራሱም እግሩም ላይ ቅጥያ ስላለው መስመሮቹ ሲጠጋጉ ይተፋፈጋል።

ቀን ላይ ነጭ ገጽ፣ ማታ ደግሞ ቡናማው ወይም ጥቁሩ ይሻላል። ጥቁር ገጽ ባትሪ ይቆጥባል ሲባል ትሰማላችሁ። እውነት የሚሆነው ስክሪናቸው ኦሌድ ወይም አሞሌድ ለሆነ ስልኮች ነው። በእነዚህ ላይ ጥቁሩ ነጥብ መብራቱ ይጠፋል። ርካሾቹ ስልኮች በብዛት ኤልሲዲ ናቸው፤ ኤልሲዲ ላይ ከኋላ ያለው መብራት ሁሌም ስለሚበራ ለውጡ እዚህ ግባ የሚባል አይደለም። ኤልሲዲ ላይ ባትሪ የሚቆጥበው ብርሃኑን መቀነስ ነው።

በድምፅ መጨመሪያና መቀነሻው ቁልፍ ገጽ መግለጥ የሚያስችለውን ምርጫም አብሩ። በደሴ ጠዋት እጅ ሲቆረፍድ፣ በክረምት ስክሪኑ ላይ ጠብታ ሲያርፍ፣ ወይም አንድ እጃችሁ ዘንቢል ይዞ ሲሆን የጣት ንክኪ አይታዘዝም። ቁልፉ ግን ይታዘዛል።

6. ሐረጎ ላይ አታንብቡ

ዓይን ገጹ ላይ ተተክሎ «ቆሜያለሁ» ሲል፣ የውስጠኛው ጆሮ የጥምዝምዙን እንቅስቃሴ እየሰማ «እየተንገላታሁ ነው» ይላል። አንጎል በሁለቱ መሐል ሲጨነቅ ሆድ ይረበሻል። ማቅለሽለሹ ከጀመረ ደግሞ ኮምቦልቻ ወርዳችሁም ቶሎ አይለቅም።

ስለዚህ ጉዞውን ለሁለት ክፈሉት። መናኸሪያ ስትጠብቁ፣ ሚኒባሱ እስኪሞላ፣ ፋብሪካው በር ላይ ሰርቪስ እስኪመጣ አንብቡ። መኪናው ቁልቁለቱን ሲጀምር ስልኩን ኪስ ክተቱና አዳምጡ። ተራኪን የመሰሉ መተግበሪያዎች የአማርኛ መጻሕፍትን በድምፅ ያቀርባሉ። ማታ ቤት አውርዳችሁ ጠብቁ። አንድ ጆሮ ማዳመጫ ብቻ አድርጉ፤ ረዳቱ ሂሳብ ሲጠይቅ፣ ጎረቤታችሁ «ወራጅ አለ» ሲል ትሰማላችሁ።

መስኮት አጠገብ ከተቀመጣችሁ መኪናው ቆሞ ሳለ ስልኩን ከመስኮቱ አርቃችሁ ያዙ። መናኸሪያ አካባቢ እጅ ሰድዶ ነጥቆ የሚሮጥ አይጠፋም። ስልኩን ደግሞ «ኤሮፕሌን ሞድ» ላይ አድርጉት። ባትሪው ይቆያል፣ የፌስቡክና የቲክቶክ ጥሪም ንባቡን አያቋርጥም። ስልክ የሚጠብቅ ሰው ከሆናችሁ ዳታውን ብቻ አጥፉ።

7. ቃል መፈለግን እወቁበት

የወረቀት መጽሐፍ ይህን አይችልም፤ ስልክ ግን ይችላል። በአማርኛ ሲሆን ብልሃት ይፈልጋል። ማሽኑ «ሥራ» እና «ስራ»ን ሁለት የተለያዩ ቃላት አድርጎ ነው የሚያየው። «ፀሐይ»፣ «ጸሐይ»፣ «ፀሀይ» ሦስት ናቸው። አንዱን ፈልጋችሁ ካጣችሁ መጽሐፉ ውስጥ የለም ብላችሁ አትደምድሙ። በሀ፣ ሐና ኀ፣ በሰና ሠ፣ በአና ዐ፣ በጸና ፀ እየለዋወጣችሁ ሞክሩ። ሙሉውን ቃል አትጻፉ። መሐሉን ብቻ ጻፉ። «ገበያ» ስትሉ «በገበያው»ንም «ከገበያዋ»ንም ያመጣላችኋል።

የወደዳችሁትን መስመር ተጭናችሁ አድምቁት። ማድመቂያውና ማስታወሻው የሚቀመጠው ግን መተግበሪያው ውስጥ እንጂ መጽሐፉ ውስጥ አይደለም። መተግበሪያውን ካጠፋችሁት አብሮ ይሄዳል። ዋጋ ያለውን ማስታወሻ ወደ ቴሌግራም «ሴቭድ መሴጅስ» እየላካችሁ አስቀሩ።

8. ለእናትና ለአባትም አዘጋጁላቸው

እኔ ከሁሉ የምወደው ይህን ነው። ዕድሜ ሲገፋ ዓይን የቅርቡን ማየት ይሳነዋል፤ ስንት አንባቢ ሰው የታተመው ፊደል አንሶበት ንባብ ትቷል። ከሥራ የወጣ አሮጌ ስልክ ወይም ታብሌት ካላችሁ ሲሙን አውጥታችሁ ለዚህ አውሉት።

ቡና ሲፈላ አጠገባቸው ተቀመጡ። ፊደሉን ደረጃ በደረጃ እያሳደጋችሁ «እማዬ፣ አሁንስ?» በሏት። ስልኩን ወደ ኋላ ማራቅ ስታቆም መጠኑ ደርሷል። በአንድ መስመር ሦስት ቃል ብቻ ቢቀርም ችግር የለውም። ስክሪኑ እያነበበች እንዳይጠፋባት የመጥፊያ ሰዓቱን ወደ 10 ደቂቃ ከፍ አድርጉት። በድንገት ነክታ ከመጽሐፉ እንዳትወጣ ደግሞ በሴቲንግ ውስጥ «አፕ ፒኒንግ» የሚለውን አብሩ፤ ስልኩ ማንበቢያው ላይ ብቻ ተቆልፎ ይቀመጣል። አወጣጡን ራሳችሁ ያዙት። አባታችሁ የሃይማኖት መጽሐፍ ከወደዱ መጀመሪያ እሱን ጫኑላቸው። የሚያውቁትን ሲያነቡ ስልኩን ይለምዱታል።

9. ከየት ይገኛል?

በሕይወት ያለን ደራሲ መጽሐፍ ስካን አድርጎ ቻናል ላይ መልቀቅ እንጀራውን መንጠቅ ነው። ሕጉም ግልጽ ነው። የቅጂና ተዛማጅ መብቶች አዋጅ ቁጥር 410/1996 የደራሲውን መብት በሕይወት ዘመኑና ካረፈ በኋላም ለ50 ዓመት ይጠብቃል። በአማርኛ መጻፍ ራሱ ስንት ድካም እንደሆነ የሚያውቅ ሰው ይህን አያደርግም። ደራሲው ራሱ በዲጂታል የሚሸጥ ከሆነ በቴሌብር ከፍላችሁ ግዙ። ካልሆነ ወረቀቱን ከፒያሳ ግዙ።

በነፃና በሕጋዊ መንገድ የሚገኝም አለ። ለልጆች ግሎባል ዲጂታል ላይብረሪና አፍሪካን ስቶሪቡክ የአማርኛ ተረቶች ከነሥዕላቸው አላቸው። ኪዊክስ የሚባለው መተግበሪያ የአማርኛውን ዊኪፔዲያ አውርዶ ያለ ኢንተርኔት ያስነብባል። እንግሊዝኛ ማሻሻል ለሚፈልግ ፕሮጀክት ጉተንበርግ አለ። እ.ኤ.አ. በ1971 የተጀመረ ሲሆን መብታቸው ያለቀ ከ70 ሺህ በላይ መጻሕፍት ይዟል። ሲያወርዱ ኢፐቡን መምረጥ ነው።

10. ኪንድል የደረሳችሁ

ውጭ ያለ ዘመድ ኪንድል፣ የአማዞንን የመጽሐፍ ማንበቢያ መሣሪያ፣ ይልካል። የኪንድል ስክሪን ባትሪ የሚበላው በዋናነት ገጽ ሲገለጥ ስለሆነ መብራት ለቀናት ቢጠፋም አያሳስብም። ፀሐይ ላይም ከስልክ ይልቅ ይነበባል። ሁለት ነገር ግን እወቁ። በገመድ የቀዳችሁበትን ኢፐብ አይከፍትም፤ ወይ በአማዞን «ሴንድ ቱ ኪንድል» ላኩት፣ ወይ ኮምፒውተር ላይ ካሊበር በተባለው ነፃ ፕሮግራም ቀይሩት። አማርኛው በካሬ ሳጥን ከመጣባችሁ ወይም ቅርጹ ካልተመቻችሁ አቢሲኒካ ኤስአይኤልን ወይም ኖቶ ሰሪፍ ኢትዮፒክን አውርዳችሁ ኪንድሉ ውስጥ «ፎንትስ» ወደሚለው ፎልደር ቅዱት፤ ከዚያ ከፎንት ዝርዝሩ ምረጡት።

በመጨረሻ «መጻሕፍት» ፎልደሩን በወር አንዴ ሚሞሪ ካርድ ላይ ቅዱ። ካርድ የማይቀበል ስልክ ከሆነ ፋይሎቹን ወደ «ሴቭድ መሴጅስ» ላኳቸው፤ ቴሌግራም አንድን ፋይል እስከ 2 ጊጋባይት ይቀበላል። አዲስ ስልክ ስትገዙ በስልክ ቁጥራችሁ ገብታችሁ መልሳችሁ ታወርዳላችሁ። ያኔም «ሴቭ ቱ ዳውንሎድስ» ማለቱን አትርሱ።